የእግር ትምህርት ቤት፤ ከማንኩሳ እስከ አለርት

ማንኩሳን ሄዶ ያላያት ሰው እንኳን ያውቃታል፡፡ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» የሚጀምረው እዚያ ነው፡፡ የበዛብህ እናትና አባት፣ ውድነሽ በጣሙና ቦጋለ መብራቱ፣ የማንኩሳ ሰዎች ናቸው፡፡ ዛሬም ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚሄድ መኪና ላይ ተሳፍራችሁ ረዳቱ «ማንኩሳ ወራጅ!» ሲል፣ ከተሳፋሪው አንዱ በዛብህን ማንሳቱ አይቀርም፡፡

እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝ፡፡ ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ ፍቅር አይደለም፤ ስለ እግር ነው፡፡ አዎ፣ ስለ እግር፡፡ መሳቅ ትችላላችሁ፡፡ እኔም ሰው ሲጠይቀኝና «ስለ እግር ትምህርት ታሪክ እያነበብኩ ነው» ስለው የሚያየኝን አስተያየት ለምጄዋለሁ፡፡

የአባቴ ታላቅ እህት አለች፤ እኛ ልጆቹ «እታለም» ነው የምንላት፡፡ እታለም ገበያ የምትወጣው ገና ሳይነጋ ነበር፤ የምትመለሰውም መንገዱ ጭር ካለ በኋላ፡፡ ማኅበር ቤት ስትገባ ከበሩ ጥግ ትቀመጥና ቀሚሷን እስከ መሬት ትስባለች፡፡ ልጅ ሳለሁ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር፡፡ ሳድግ ነው የገባኝ፤ እግሯን እየደበቀች ነበር፡፡ ሁለቱም ከጉልበቷ በታች አብጠዋል፡፡ ቆዳው ደድሮ እንደ ዛፍ ቅርፊት ተሰነጣጥቋል፤ በስንጥቁ መሃል ውኃ ያዣል፤ ሽታ አለው፡፡ በየጊዜው ትኩሳትና ብርድ ብርድ የሚል ሕመም ይነሳባትና ቀናት ተኝታ ትሰነብታለች፡፡ አገሬው «ዝሆኔ» ይለዋል፡፡ ሌላውም ብዙ ይለዋል፤ «እባብ ያለፈበትን ረግጣ ነው»፣ «መርገም ነው»፣ «የዘር ነው»፡፡ በተለይ ይህችኛዋ የመጨረሻዋ ቃል የስንቱን ቤት ሴት ልጅ ያለ ትዳር እንዳስቀረች የአገሬ ሰው ያውቃል፡፡

አንድ ጊዜ ግድ ብለናት ወደ አንድ ጤና ተቋም ወሰድናት፡፡ (የትኛው እንደሆነ ይቆየን፤ ነገሬ ከአንድ ግቢ ጋር አይደለም፡፡) ነጭ ጋዋን የለበሰው ልጅ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም፡፡ «ያሳዩኝ እማማ» አላት፡፡ እታለም ቀሚሷን ከፍ ስታደርግ ልጁ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ፡፡ ሁለት ጥያቄ ጠይቋት ሲያበቃ «ይሄ እንኳን መድኃኒት የለውም» አለና ኪኒን በወረቀት ጠቅልሎ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጠላት፡፡ በእጇ አልሰጣትም፡፡ እታለም ኪኒኑን አንስታ «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብላው ወጣች፡፡

ለብዙ ጊዜ በዚያ ልጅ ተናድጄ ኖሬያለሁ፡፡ እየቆየ ሲሄድ ግን ንዴቴ ወደ ጥያቄ ተለወጠ፡፡ ይህ ልጅ ክፉ ነበር? ወይስ ማንም ያላስተማረውን ነው ያልሠራው? በዚህ አገር ስለ እግር ያስተማረ ማን ነው? የት? መቼ? እነሆ ያገኘሁትን፡፡

የእግር ሐኪሞች ነገር

በፈረንጅ አገር «ፖዳያትሪስት» የሚባል ባለሙያ አለ፡፡ የጥርስ ሐኪም ለጥርስ እንደሆነው ሁሉ ይህኛውም ለእግር ነው፡፡ ግን ይህን ሙያ ሲፈጠር ጀምሮ የተከበረ አድርገን አናስብ፡፡ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካና እንግሊዝ ውስጥ የእግርን የደደረ ቆዳ የሚቆርጥና ጥፍር የሚያስተካክል ሰው ከጸጉር አስተካካይ ብዙም ከፍ ብሎ አይታይም ነበር፡፡ ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ኢሳካር ዘካሪ የሚባል የእግር ባለሙያ ነበራቸው፤ እሱም ቢሆን ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረው ሙያ አልነበረም፤ ትምህርት ቤቱ ራሱ አልነበረማ!

እ.ኤ.አ. በ1910 አብርሃም ፍሌክስነር የአሜሪካንና የካናዳን 155 የሕክምና ትምህርት ቤቶች መርምሮ ገመናቸውን አወጣ፡፡ ላቦራቶሪ የሌላቸው፣ በሽተኛ የማያሳዩ፣ ገንዘብ ተቀብለው ወረቀት የሚሰጡ ብዙ ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ በርካቶቹ ተዘጉ፡፡ በማግሥቱ ዓመት፣ በ1911፣ ሞሪስ ሊዊ የተባሉ ሐኪም ኒውዮርክ ውስጥ የእግር ሕክምና ትምህርት ቤት መሠረቱ፡፡ መጀመሪያ ላይ ትምህርቱ አጭር ነበር፡፡ እየዋለ እያደረ ግን ሦስት ነገር ተጨመረበት፤ ያለ ፈቃድ መሥራትን የሚከለክል ሕግ፣ ሁሉም የሚቀመጥበት ፈተና፣ ተማሪው እውነተኛ እግር በእጁ የሚይዝበት ክሊኒክ፡፡ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ የእግር ሐኪም ለመሆን ከኮሌጅ በኋላ አራት ዓመት ትምህርት፣ ከዚያም ሦስት ዓመት የሆስፒታል ልምምድ ይጠይቃል፡፡ በአህጉራችንም የጆሃንስበርግ ዩኒቨርሲቲ ሙያውን በዲግሪ ያስተምራል፡፡

እነዚያን ሦስት ነገሮች ያዙልኝ፤ ሕግ፣ ፈተና፣ እግር በእጅ መያዝ፡፡ በኋላ እንፈልጋቸዋለን፡፡

አሁን ደግሞ እኔን ያስገረመኝን ልንገራችሁ፡፡ ዛሬ አንድ የአሜሪካ የእግር ሕክምና ተማሪ የስኳር ሕመምተኛን የውስጥ እግር ቁስል እንዴት እንደሚያድን ሲማር፣ ከሚማረው ውስጥ ትልቁን ድርሻ ለዓለም ያስተማሩት የሥጋ ደዌ ሕሙማን ናቸው፡፡

ቁስሉ ያስተማረው

ፖል ብራንድ የሚባሉ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ ጀምሮ ደቡብ ሕንድ፣ ቬሎር ውስጥ ሠሩ፡፡ በዘመኑ ሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ጣቱና እግሩ በራሱ እየረገፈ የሚያልቅ ይመስል ነበር፡፡ ብራንድ ግን በሽተኞቹን ቀን ከሌት እየተከታተሉ ሌላ ነገር አዩ፡፡ ሥጋው በራሱ አይረግፍም፡፡ በሽታው ነርቭን ይገድላል፤ ነርቭ ሲሞት ሕመም ይጠፋል፤ ሕመም የጠፋበት ሰው ደግሞ ሚስማር ሲወጋው፣ ጫማ ሲልጠው፣ እሳት ሲያቃጥለው አያውቅም፡፡ እግሩን የሚጨርሰው ይህ ነው፡፡ ስለዚህ መድኃኒቱ ዕረፍት፣ በጄሶ ማሰርና ለስላሳ ሶል ያለው ትክክለኛ ጫማ ሆነ፡፡ ብራንድ በኋላ አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ውስጥ ካርቪል ወደሚገኘው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሲዛወሩ፣ ያው ዘዴ ለስኳር ሕመምተኞች እግር እንደሚሠራ ታየ፡፡ ከዚያ ወዲህ የእግር ትምህርት ቤቶች ሁሉ ቀለብ ሆነ፡፡

ይህ እኛን ምን ያገባናል? ያገባናል እንጂ! እኚሁ ብራንድ ምክርና ጉልበታቸውን ካዋሉባቸው ቦታዎች አንዱ አዲስ አበባ ነው፡፡ በ1958 ዓ.ም. መግቢያ (እ.ኤ.አ. በ1965 መጨረሻ) በዘነበወርቅ ሆስፒታል ግቢ አለርት ተመሠረተ፡፡ ስሙ ሲተነተን የመላ አፍሪካ የሥጋ ደዌ፣ የመልሶ ማቋቋምና የሥልጠና ማዕከል ማለት ነው፡፡ ልብ በሉ፤ የማንኩሳው ልጅ የበዛብህ ታሪክ በታተመበት በዚያው ዓመት መሆኑ ነው፡፡ ከአፍሪካ ዙሪያ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ረዳቶች እዚያ እየመጡ ሠለጠኑ፡፡ ቀዶ ሕክምና ብቻ አልነበረም፡፡ የጫማ ወርክሾፕ ነበረ፤ ለደነዘዘ እግር የሚሆን ሶል እየተቀረጸ፣ እየተለካ፣ እየተሰፋ፡፡ በዚያ ግቢ ጫማ ሠሪው የሕክምናው አካል ነበር፡፡ ከከተማው ሰው ሁሉ የሚርቀውን እግር በእጃቸው ይዘው፣ አጥበው፣ አሽተው የተማሩ ሰዎች ከዚያ ወጥተዋል፡፡

ስለዚህ «ኢትዮጵያ የእግር ትምህርት ቤት ኖሯት አያውቅም» የሚል ካለ አልስማማም፡፡ ስሙ ፖዳያትሪ አልተባለም እንጂ ነበራት፡፡ ያውም ለአህጉር የሚተርፍ፡፡

ሰፊውና ጥልቁ

ከአለርት አሥራ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1947 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1954)፣ ጎንደር ላይ ሌላ ትልቅ ነገር ተጀምሮ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ፡፡ የሚያወጣቸው ባለሙያዎች ሦስት ዓይነት ነበሩ፤ የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የንጽህና ባለሙያ፡፡ ተማሪዎቹ በቡድን ቆላ ድባን ወደመሰሉ የገጠር ጤና ጣቢያዎች እየወጡ ይለማመዱ ነበር፡፡ ሐኪም ለማይደርስበት አገር የታሰበ፣ ሰፊ ትምህርት ነው፡፡ የገጠሩ ጤና ጣቢያ ለብዙ ዘመን የተሸከመው በእነዚህ ልጆች ትከሻ ላይ ነው፡፡

ይህ ሰፊ መንገድ በ1995 ዓ.ም. ይበልጥ ሰፋ፡፡ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ፤ 10ኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት እየሠለጠኑ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ተመደቡ፡፡ የሚያስተምሩት 16 ፓኬጅ ነበር፤ መጸዳጃ ቤት፣ ክትባት፣ ወባ፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የመጀመሪያ እርዳታ፣ ሌላም ሌላም፡፡ የእናቶችና የሕፃናት ሞት በመቀነሱ ረገድ ውለታቸው ትልቅ ነው፡፡ ነገር ግን ከ16ቱ ውስጥ «የእግር እንክብካቤ» የሚል ራሱን የቻለ ፓኬጅ አልነበረም፡፡

እንግዲህ የእኔ ክርክር ይህ ነው፡፡ ሁለት መንገድ ነበረን፡፡ አንዱ ሰፊ ነው፤ ከጎንደር ተነስቶ እስከ ቀበሌ ይደርሳል፡፡ ሌላው ጥልቅ ነው፤ እግርን እስከ ሶሉ ያውቃል፤ ግን አንድ ግቢ ውስጥ፣ ለአንድ በሽታ ተብሎ የተሠራ ነው፡፡ ሁለቱ በደንብ ሳይገናኙ ቀሩ፡፡ የእታለም ዕጣ የወደቀው በሁለቱ መሃል ባለው ክፍተት ላይ ነው፡፡

ገበያ ላይ እግር የቆጠሩ

የእታለም በሽታ ሥጋ ደዌ አይደለም፡፡ ለረጅም ጊዜም ምን እንደሆነ በትክክል የሚያውቅ አልነበረም፡፡ በሌላ አገር እግርን እንዲህ የሚያሳብጥ በትንኝ የሚተላለፍ ቀጭን ትል አለ፡፡ የእኛ ደጋ ግን ትንኟም ትሏም የማይመቻት ብርድ ነው፡፡ ታዲያ ከየት መጣ?

ኦመን የተባለ ተመራማሪ በየገበያው እየቆመ ያበጠ እግር ቆጠረ፡፡ እ.ኤ.አ. በ1969 ባወጣው ጥናት 56 ገበያዎችን አካቶ ነበር፤ በአማካይ ከ100 ገበያተኛ ወደ 2.7 የሚሆነው እግሩ ያበጠ ሆኖ አገኘው፡፡ እስቲ አስቡት፤ እታለም ሰው እንዳያያት በጎህ የምትሄድበት ገበያ! ገበያ ያልወጣውን ማን ይቁጠር?

ከዚያ ኧርነስት ፕራይስ መጡ፡፡ ቀደም ሲል የሥጋ ደዌ ሕሙማንን የውስጥ እግር ቁስል ያጠኑ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም ናቸው፤ እግር ማየት ያውቁበታል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በሽታውን ከአፈሩ ጋር እያስተያዩ ተከተሉት፡፡ የሚገኘው ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ የሸክላ አፈር፣ ከፍ ባለና ዝናብ በሚበዛበት መሬት፣ በባዶ እግሩ በሚሄድ ገበሬ ላይ ነው፡፡ ከአፈሩ የሚወጡ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶች በቆዳ በኩል ገብተው የሰውነትን ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ያስቆጣሉ፤ ይዘጋሉ፤ እግር ያብጣል፡፡ ፕራይስ ከግሪክኛ ወስደው «ፖዶኮኒዮሲስ» አሉት፤ «የእግር አቧራ» እንደማለት፡፡ መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1990 ታተመ፡፡

«የዘር ነው» የሚለውስ? ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ፣ ጌይል ዴቪን ጨምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት አፈሩ የሚጎዳቸው ሰዎች በዘረመል የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይተዋል፡፡ ስለዚህ አገሬው ግማሹን አውቋል፤ ችግሩ ግማሽ እውቀት ከድንቁርና የባሰ መጉዳቱ ነው፡፡ ተጋላጭነቱ ይወረስ ይሆናል፤ በሽታው ግን ያለ አፈር አይመጣም፡፡ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጫማ ያደረገና እግሩን የታጠበ ልጅ፣ የእናቱ እግር ቢያብጥም የእሱ አያብጥም፡፡ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም፡፡ ወንበሩን ወደ ኋላ መሳብ አያስፈልግም ነበር ማለት ነው፡፡

እኛ ደግሞ በባዶ እግር የምንኮራ ሕዝብ ነን፡፡ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ባዶ እግሩን ሮጦ ያሸነፈው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው፡፡ ልንኮራበት ይገባል፡፡ ግን የአበበ እግር የረገጠው የሮምን አስፋልት ነው፤ የእታለም እግር ዕድሜ ልኩን የረገጠው የጎጃምን ቀይ አፈር ነው፡፡

የባለሙያው ገመና

ለዚህ በሽታ በሥርዓት የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ የተጀመረው በጎጃም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በወላይታ ነው፡፡ የሥራው ብልሃት አሠልጣኞቹ ላይ ነበር፡፡ እግራቸው አብጦ የነበረ፣ በእጥበትና በጫማ የዳኑ ሰዎች ራሳቸው ሌላውን ሕመምተኛ እንዲያስተምሩ ተደረገ፡፡

በዚያው በወላይታ የጤና ባለሙያዎች ስለ በሽታው ያላቸው እውቀት ተጠንቶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታተመ፡፡ ጥናቱን ሳነብ ያ ወንበሩን የሳበው ልጅ ፊቴ ድቅን አለ፡፡ ከተጠየቁት ባለሙያዎች አንድም ሳይቀር ስለ በሽታው መነሻ ቢያንስ አንድ ትልቅ የተሳሳተ ግምት ነበረው፡፡ ከግማሽ በላይ፣ 53.9 በመቶዎቹ፣ ተላላፊ ነው ብለው ያምናሉ፤ ሲያክሙ እንዳይዛቸው ይፈራሉ፡፡ እነዚህ በየመንገዱ የተጠየቁ ሰዎች አይደሉም፤ ትምህርት ቤት ገብተው፣ ተፈትነው፣ አልፈው፣ ጋዋን የለበሱ ናቸው፡፡ በሽታው በደጃቸው እያለ ትምህርት ቤቱ አላነሳላቸውም ማለት ነው፡፡

ስለ ትምህርት ጥራት ሲወራ እኛ ወዲያው ስለ ሕንፃ፣ ስለ መጽሐፍ ብዛት፣ ስለ ዲግሪ ዓይነት እናስባለን፡፡ ለእኔ ግን ከዚህ ቁጥር የበለጠ የጥራት መለኪያ የለም፤ ባለሙያው በሽተኛውን ይፈራዋል ወይስ አይፈራውም?

ወደ ጎጃም ስንመለስ

እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ አንድ ጥናት በደምበጫና በደብረ ኤልያስ ወረዳዎች ቤት ለቤት ቆጠራ ተደርጎ፣ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት 3.3 በመቶዎቹ ዝሆኔ እንዳለባቸው ታየ፡፡ ደምበጫ ማለት ከእኛ ከማንኩሳ ፍኖተ ሰላምንና ጅጋን አልፎ ያለ ጎረቤት ነው፡፡ ሕመምተኞቹ ሕክምና የፈለጉት እብጠቱ ከጀመራቸው በአማካይ አምስት ዓመት በኋላ ነው፡፡ በዓመት ወደ 90 ቀን ትኩሳቱና ሕመሙ ያስተኛቸዋል፤ ሦስት ወር ማለት ነው፤ የዘር ወቅት፣ የአረም ወቅት፣ የአጨዳ ወቅት፡፡ የመጀመሪያ ጫማቸውን ያደረጉበት ዕድሜ መካከለኛው ደግሞ 22 ዓመት ነው፡፡ የሃያ ሁለት ዓመት አፈር አስቀድሞ ገብቷል፡፡

በ2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2013) ሁለት ነገር ሆነ፡፡ በሽታው ትኩረት በተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ብሔራዊ ዕቅድ ውስጥ ገባ፡፡ ከበደ ደሪቤና ባልደረቦቹ ደግሞ 659 ወረዳዎችን ያካተተ አገር አቀፍ ጥናት አድርገው፣ ከተመረመሩት አዋቂዎች 4 በመቶዎቹ በሽታው እንዳለባቸው አገኙ፤ በአገር ደረጃ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ሰው ማለት ነው፡፡

ከሁሉ በላይ ግን ልንኮራበት የሚገባው በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ የተደረገው ሙከራ ነው፡፡ 696 ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ የእግር እንክብካቤ ሥልጠናና ዕቃው ወዲያው ተሰጣቸው፣ ግማሾቹ ከዓመት በኋላ፡፡ ሥልጠናው ምን ነበር? መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰር፣ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፡፡ ይኸው ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ውጤት መሠረት በሠለጠኑት ላይ የሚያስተኛው ሕመም የሚነሳበት ጊዜ በ19 በመቶ ገደማ ቀነሰ፡፡ ተአምር አይደለም፤ ማንም ተአምር አላለውም፡፡ ግን ሳሙናና ውኃ በትክክል ካስተማሩበት እንደሚሠራ በሚዛን ተመዝኖ የታየው በእኛው አገር አፈር ላይ፣ በእኛው ገበሬ እግር ላይ ነው፡፡

ፕሮጀክት ሲዘጋ

እታለም ዘንድ ይህ ትምህርት የደረሰው ዘግይቶ ነው፡፡ ያመጣላት ሐኪም አልነበረም፤ ራሷ ታማ የነበረች፣ ሠልጥና የመጣች የአገራችን ሴት ናት፡፡ ሳፋ አስቀረበች፡፡ ውኃ አስመጣች፤ በረኪና በልክ ጠብ አደረገችበት፡፡ «እታለም፣ እግርሽን አምጪ» አለቻት፡፡ እታለም አልሰጥም ብላ ብዙ ተግደረደረች፡፡ ሴትየዋ ጎንበስ ብላ እግሯን በሁለት እጇ ያዘችና ወደ ሳፋው አስገባችው፡፡ እታለም አለቀሰች፡፡ ከስንት ዓመት በኋላ ሰው ነካቻ!

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው፡፡ በየማታው እጥበት፣ በጣቶች መሃል ማድረቅ፣ ቫዝሊን፣ ፋሻ፣ እግርን ከፍ አድርጎ መተኛት፡፡ በወራት ውስጥ ሽታው ጠፋ፤ እብጠቱ ጎደለ፤ የሚያስተኛት ሕመም ቀነሰ፡፡ በልኳ ጫማ ተገኘላት፡፡ ማኅበር ቤት ከበሩ ጥግ ወደ መሃል ገባች፡፡ ያን ቀን አባቴ ጠላ ሲቀዳ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር፡፡

ዓመታት አለፉና ዕርዳታው ቆመ፡፡ ፋሻው አለቀ፤ ያስተማረቻት ሴትም መምጣቷ ቀረ፡፡ እታለም በነጠላ ቅዳጅ እያሰረች ቀጥላለች፤ ስለተማረች ትችላለች፡፡ ከእሷ በኋላ እግሯ ማበጥ የጀመራት የጎረቤት ልጅ ግን ከማን ትማር?

የአገራችን የእግር ሥልጠና ታሪክ ሲጠቃለል ይህን ይመስለኛል፡፡ በበሽታ በኩል ይመጣል፤ በፕሮጀክት በኩል ይሄዳል፡፡ ለሥጋ ደዌ አለርት መጣ፡፡ ጦርነት አካል ላጡት ሰው ሠራሽ እግር የሚሠሩ ማዕከላት መጡ፡፡ ቆልማማ እግር ይዘው ለሚወለዱ ሕፃናት እግርን ቀስ በቀስ በጄሶ የማቅናት ሥልጠና መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ የተከፈተው የኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ለዚህ ይጠቀሳል፡፡ ለዝሆኔ የወላይታውና የጎጃሙ ሥራ መጣ፡፡ እያንዳንዱ መልካም ነው፤ ግን እያንዳንዱ የራሱ በር፣ የራሱ አሠልጣኝ፣ የራሱ በጀት አለው፡፡ እግሩ ግን አንድ ነው! አሁን ደግሞ ከተማ ውስጥ የስኳር ሕመምተኛው እየበዛ ነው፤ ነገ እግሩ የሚቆረጠው ሰው የእናንተም አባት ሊሆን ይችላል፡፡

ለእሱም ለእታለምም የሚያስፈልገው የመጀመሪያ እውቀት አንድ ዓይነት ነው፤ በየቀኑ ማየት፣ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ ማለስለስ፣ መሸፈን፡፡

ምን ይሁን?

እኔ ማንኩሳ ላይ የፖዳያትሪ ኮሌጅ ይከፈት አልልም፡፡ ያልኳችሁን ሦስት ነገሮች ግን መልሼ አነሳለሁ፡፡

አንደኛ፣ ሕግ፡፡ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የዝሆኔ አያያዝ መመሪያ አውጥቷል፤ መመሪያ ግን መሳቢያ ውስጥም ያድራል፡፡ እግር የማከም ግዴታ በእያንዳንዱ ጤና ጣቢያ የሥራ ዝርዝር ላይ ይጻፍ፤ ፋሻና ቅባትም እንደ ሌላው ዕቃ ከመደበኛው በጀት ይገዙ፡፡

ሁለተኛ፣ ፈተና፡፡ ተማሪ የሚያጠናው የሚጠየቀውን ነው፤ ሁላችንም ተማሪ ነበርን፣ አንዋሽ፡፡ «ዝሆኔ ይተላለፋል ወይ?» የሚል አንድ ጥያቄ በነርሶች፣ በጤና መኮንኖችና በኤክስቴንሽን ሠልጣኞች የመመዘኛ ፈተና ላይ ቢገባ፣ ከአሥር አውደ ጥናት ይሻላል፡፡

ሦስተኛ፣ እግር በእጅ መያዝ፡፡ ማንም ተማሪ ያበጠ እግር በገዛ እጁ ሳያጥብ አይመረቅ፡፡ አስተማሪዎቹም እነ እታለም ይሁኑ፡፡ ለዚህ ባዕድ አይደለንም፡፡ ዱሮ መሽቶበት የመጣ እንግዳ ከምግቡ በፊት እግሩ ይታጠብለት ነበር፡፡ በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ዝቅ ብሎ የምእመናኑን እግር ያጥባል፡፡ እግር ማጠብ ክብር እንጂ ውርደት እንዳልሆነ የሚያውቅ ሕዝብ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው ያላወቀው፡፡

ያንን ጋዋን የለበሰ ልጅ ዛሬ ባገኘው አልቆጣውም፡፡ ማንኩሳ ወስጄ እታለም ፊት አስቀምጠዋለሁ፡፡ ሳፋው አለ፤ ሳሙናም አይጠፋም፡፡ እሷ አንድ ከሰዓት ይበቃታል፤ አስተምራው ትመልሰዋለች፡፡